ዝቅ ያለው ሬዲዮ

ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት ቤቱ ስትገባ፣ ጨርቅ ቆራጩ ማንም ሳይነግረው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገላት። «ድምፅ የሚከብደኝ ኦቲዝም ስላለብኝ ነው» ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ የነገረቻቸው እሷው ናት፤ ስልኳ ላይ ካነበበችው ተነስታ። አሁን የመጣችው ግን ከሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሟ የጭንቀት ሕመምና ድባቴ እንዳለባት ነግራት፣ ስለ ኦቲዝሙ «እርግጠኛ አይደለሁም» አለቻት።

«እህት ዓለም፣ ምን አሉሽ? ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚ አሉሽ?» ሲል ቆራጩ ቀለደ።

ሳቀችና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ታገለች። ስንት ዓመት ራሷን የገለጸችበት ቃል ስህተት ነበር? ወይስ ሁሉም አብሮ አለባት? ግራ ገባት። እግዜር ግን ያውቃታል።

ሱሪ ላሳጥር መጥቼ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ወደ ደንበኛዋ ጠጋ ብላ ሐኪሟ ያለቻትን በሹክሹክታ ነገረችኝ።

«ወንድምዬ፣ ይህን ለነሱ አንተ ንገርልኝ፤ እኔ አፌ አይታዘዝልኝም። ብቻ አደራህን፣ ኦቲዝም ላይሆን ይችላል ብለው ሬዲዮውን መልሰው ከፍ እንዳያደርጉት።»