ለእትየ ያሰብንላት መንገድ

የተቆላ ገብስ ሲሸተኝ ዝናብ የሚዘንብ ይመስለኛል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች እንኳ፣ ከጎረቤት የገብስ ቆሎ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ጆሮዬ ውስጥ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ አባየም በምድጃው ዳር ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስልኩን እንደ መስቀል በሁለት እጁ ይዞ፣ ለቅዳሴ ምንባብ ሲወጣ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማኛል። ያ ክረምት ነው የሚመጣብኝ። እትየ ቆጵሮስ በምትባል ደሴት ላይ ለጥቂት ቀን እንድታርፍ የተፈቀደላት፣ እኛ ደግሞ እዚህ ታች ጋይንት ጭቃችን ውስጥ ቁጭ ብለን የምትሄድበትን መንገድ ያወጣንላት ክረምት።

እትየ የምላት ታላቅ እህቴ ባንቺአምላክ ናት። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ እሷ አገር ለቃ ስትሄድ ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም ነበርና የማውቃት ከመልኳ ይልቅ በድምጿ ነበር። በደሴቲቱ ላይ ከአልጋ የማትወርድ አንዲት አሮጊት ታጥብ፣ ታጎርስ፣ ታገላብጥ ነበር፤ አሮጊቷም ሲነጋም ሲመሽም ስለምትጣራ እትየ እንቅልፍ የሚባል ነገር እየረሳች ነበር። ቢሆንም በሚመጣው ፋሲካ አገሯን አይታ እንድትመለስ ቃል ተገብቶላት ስለነበር ሁላችንም ቤት ውስጥ የምንኖረው ያን ፋሲካ እያየን ነበር። መንደራችን ኔትወርክ አይይዝም፤ ስለዚህ አባየና እኔ አርብ አርብ ሰዉና አህያው ተደባልቆ በሚጎርፍበት መንገድ ወደ አርብ ገበያ ከተማ እንወርድ ነበር፣ የከተማዋ ጫፍ ላይ ስንደርስም ስልኩ በአባየ ኪስ ውስጥ እንደ ጫጩት ይንጫጫ ነበር። የእትየ የድምፅ መልእክቶች ነበሩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የመጣው መልእክት ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። «አባየ፣» ትላለች፣ እየሳቀች፣ «ሰዎቹ አሮጊቷን ይዘው ለፍልሰታ ሰሞን ሌላ አገር ሊሄዱ ነው። እኔ የምተኛባትን ክፍል ትተውልኝ ሌላውን ይቆልፉታል። እስክንመለስ ዙሪ፣ ተዝናኚ ብለውኛል። እኔ ከቤትና ከሱቅ ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም። ወዴት ልሂድ? እናንተ ምከሩኝ።»

እኛ አገር ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለንግሥ ነው፣ ለለቅሶ ነው፣ ለገበያ ነው፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ተጠርቶ ነው። ለማረፍ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሲኖር ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ መንገዱን ያወጣለታል፤ መጀመሪያ ማደሪያው ይታሰባል፣ የማን ቤት፣ የየትኛው ደብር ደጀ ሰላም፣ ከዚያ ነው ቀኑ በማደሪያ በማደሪያው የሚከፋፈለው። እንግዲህ እኛም ደሴቲቱን ልክ የንግሥ መንገድ እንደምናወጣ አድርገን ይዘናት ቁጭ አልን።

«የሚያርፍ ሰውማ ይተኛል፣» አለች እማየ፣ የሚቆላውን ገብስ እያመሰች። «ትተኛልኝ። በር ዘግታ፣ ተከናንባ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ ትተኛልኝ።»

«ለመተኛትማ ጋይንትም ትተኛ ነበር፣» አለ አባየ።

«መቼ ተኛች? አንቱ ለኪዳን ሲነሱ አብራ ትነሳ አልነበረም?»

አባየ ቅስና ከተቀበለ ወዲህ እማየ አንቱ ነበር የምትለው፤ ነገር ግን አንቱታው አፏን ይዟት አያውቅም። አባየ በቅዳሴ ጊዜ የሐዋርያትን ምንባብ የሚያነበው እሱ ስለነበር ቆጵሮስን ከማንም በላይ አውቃታለሁ ባይ ነበር። ሐዋርያት ያችን ደሴት በምሥራቅ በኩል በስልማና ወደብ ገብተው፣ እስከ ጳፉ ድረስ ከዳር እስከ ዳር ዞረዋታል፤ ከእነሱም አንዱ የዚያችው አገር ልጅ ነው፣ መቃብሩም እዚያው ስልማና አጠገብ ነው። «እነሱ የሄዱበትን መንገድ ትሂድ፣» አለ፣ «ስንቱ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ሲመኝ ይሞታል፣ እሷ ደጇ ላይ ነው ያለው።» እኔ ደግሞ ባሕር ብቻ ነበር የምፈልገው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ ላይ ደሴቲቱ ባቄላ ታክል ነበር፣ ዙሪያዋን ሰማያዊ፤ ያን ሁሉ ሰማያዊ አጠገቧ አድርጋ እግሯን ሳትነክር መመለሷ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ ከተማ ስንወርድ ስልኩ ላይ የደሴቲቱን ካርታ ከፍቼ፣ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲታይ ፎቶ አንስቼ ይዤው ተመለስሁ። አባየ መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩን አንዴ አርቆ አንዴ አቅርቦ፣ ስልማናን ከምሥራቅ፣ ጳፉን ከምዕራብ በጣቱ አገኛቸው። በመካከል ግን ደሴቲቱን ለሁለት የሚከፍል ነጠብጣብ መስመር ነበር።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ወንዝ ይሆናላ፣» አልሁት።

«ወንዝ እንዲህ ተነጣጥቦ አይሄድም። ወሰን ነው። የወረዳ ወሰን።»

እማየ በትከሻው ላይ አጮልቃ አየችና፣ «ታዲያ ከወሰን ማዶ ምን አላት? ሰው አታውቅ፣» አለች።

«አንች ከስማዳ ወደኔ ስትመጭ ወሰን ላይ ማን አቆመሽ?»

«ማንም አላቆመኝ። ያን ጊዜ አንድ የሚያቆም ጎበዝ ቢገኝ እኮ ዛሬ ተገላግየ ነበር!»

አባየ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። በዚህ ሳቅ መካከል መንገዱ ወጣ። መጀመሪያ በአውቶቡስ ወደ ስልማና፣ የሐዋርያውን መቃብር ተሳልማ እዚያው ደጀ ሰላም ማደር፤ ከዚያ ደሴቲቱን አቋርጣ ወደ ጳፉ፣ ጳፉ ላይ የኔ ባሕር፤ በመጨረሻ የእማየ ድርሻ፣ ሰዎቹ እስኪመጡ በር ዘግቶ መተኛት። አባየ ጉሮሮውን ጠርጎ ይህን ሁሉ በስልኩ ላይ እንደ ስብከት ሲናገር፣ እማየ ከኋላ «ጾሙን እንዳትገድፊ! ያላወቅሽው ሰው የሰጠሽን እንዳትበይ!» እያለች ስትገባበት፣ እኔም «ጫማሽን አውልቀሽ ግቢበት! ፎቶ ላኪልኝ!» እያልሁ ስጮህ፣ መልእክቱ የሰርግ ቤት ጫጫታ ሆኖ ተቀዳ፤ ገበያ ስንወርድም ሄደ። እማየ የቆላችውን ገብስ አስፈጭታ በሶ አደረገችው፤ ለመንገደኛ ስንቅ ሳይዘጋጅ መንገድ አይወጣምና፣ እትየ ባትቀምሰውም በእሷ ስም እኛ በጥብጠን ጠጣነው።

ከፍልሰታ ማግስት በዋለው አርብ ስልኩ ተንጫጫ። እትየ ነበረች፣ ድምጿ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ያስተጋባል። «አባየ፣ ደረስሁ። ደረጃ ወርደው ነው የሚገቡት። ሰው የለም፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። በእናንተ ስም ሻማ አበራሁ። አባየ፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባሬን አስነካሁት...» ከዚያ በኋላ ያለው ልቅሶ ነበር፣ የደስታ ልቅሶ። አባየ ያን ድምፅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለካህናቱም ለምእመናኑም አሰማ፤ ሽማግሌዎች ስልኩን በግንባራቸው እየነኩ ይሳለሙት፣ አባየንም ራሱ ደርሶ እንደመጣ ሰው «እንኳን አበቃህ» ይሉት ነበር።

ከዚያ ዝም አለች።

መስከረም ገባ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ገብሱ ማሸት ጀመረ። አርብ አርብ እንወርድ ነበር፣ ስልኩም ይንጫጫ ነበር፣ ነገር ግን የቴሌ ማስታወቂያ ብቻ ነበር። አባየ «የእነሱ ኔትወርክ ነው» ይል ነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «አሮጊቷ ብትታመምባት ነው» ይል ነበር። የጳፉ ፎቶ አልመጣም። እማየ ከገበያ ስንመለስ ገና ከሩቅ የአባየን አካሄድ አይታ ወደ ጓሮ ትዞር ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ተጋምሶ፣ እኛ ጨው ሻጮቹ አጠገብ ቆመን ሳለን ስልኩ በማናውቀው ቁጥር ጮኸ። እትየ ሰላምታ አልሰጠችም። «አባየ፣ ተሻግሬ መመለስ አልቻልሁም፣» አለች።

አባየ የሰማ አልመሰለውም። «ከየት ነው የተሻገርሽው?» አላት። ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ ያደረግሁት እኔ ነኝና ሁሉንም ሰማሁት። መስመሩ የወረዳ ወሰን አልነበረም። ድሮ ደሴቲቱን በጦርነት የከፈላት ነው፤ በወዲህም በወዲያም ወታደር አለበት፣ ስልማና ደግሞ ከማዶ ነው። ስትሄድ ዝም ብለው አሳለፏት። ስትመለስ ግን ወረቀቷን ጠየቋት፤ ለካስ የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው አልፎበት፣ አሠሪዋ ሳታሳድስላት ቀርታለች። ወደ ኋላ መለሷት። አሠሪዋ ጋ ብትደውል ሌላ ሠራተኛ መያዟን ነገረቻት። አሁን እዚያው ማዶ፣ ያለ ወረቀት፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተደብቃ ሳህን ታጥባለች።

«እኛ እኮ ነን፣» አለ አባየ።

«አይ አባየ። አይዞህ፣ እመጣለሁ፣» አለችውና መስመሩ ተቋረጠ።

አባየ እማየ ያዘዘችውን ጨው ገዛ። ያን ቀን ፈርቼ እጁን ያዝሁት፣ እሱም እጄን ሳይጨብጥ ከአርብ ገበያ እስከ ቤት እንዲሁ ይዤው ሄድን። እማየ ነገሩን ቆማ ሰማችው። «ተኝታ ብትውልልኝ ኖሮ፣» አለች። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ደግማው አታውቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ብትደግመውና ጮኻ ብትሰድበው ለአባየ ይሻለው ነበር እላለሁ።

በበጋው ወቅት፣ ገብሱ ተወቅቶ፣ ጭዱ ከየአውድማው ሲነፍስ፣ አንድ እሑድ አባየ እንደ ልማዱ ለሐዋርያት ምንባብ ወጣ። የዕለቱ ምንባብ ያ ነበር፣ የደሴቲቱ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ፣ መርከቡን አልፎ የስልማናን ስም ሊጠራ ሲደርስ ቆመ። ሕዝቡ ጠበቀ። እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ ሌላው ቄስ በቀስታ መጽሐፉን ከእጁ ተቀብለው ጨረሱለት። «የአውድማ ብናኝ ነው፣» ሲባባሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያ ምንባብ በሚነበብበት እሑድ ተራውን ለሌላ ይለውጥ ነበር፣ ካህናቱም ምክንያቱን አይጠይቁትም ነበር።

ፋሲካው መጣ፣ እሷ አልመጣችም። ብዙ ፋሲካ እንዲያ አለፈ። ከዚያ ማዶ የአገራችን ኤምባሲ የለም፤ ለመውጣትም ወረቀት ይጠይቋታል፣ ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ መውጣት አለባት። እማየም አብራን ገበያ ወርዳ ስንደውልላት የምትጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ «ተኝተሽ ታድሪያለሽ?» እትየም ሁልጊዜ «እተኛለሁ» ትላታለች። አንድ ቀን እኔ ደፍሬ «ባሕሩስ?» አልኋት። ሳቀች። «ከወጥ ቤቱ ጀርባ እኮ ነው። ቆሻሻ ስደፋ አየዋለሁ። ቆሜ ካየሁት ግን ሰው ያየኛል፣» አለችኝ።

አሁን እኔ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ፤ እትየ ስትሄድ የነበራትን ዕድሜ ልደርስበት ትንሽ ነው የቀረኝ። የኛም መንገድ ያኔ የነበረው መንገድ አይደለም፤ አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፈታል፣ ኬላ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ስልኩም ሳምንታት ሙሉ ይጠፋል። ለበዓል ቤት ገብቼ ወደ ትምህርቴ የምመለስበት ቀን ሲደርስ አባየ ማደሪያዬንም፣ ስንቄንም፣ የት እንደምደርስም አይጠይቀኝም። መኪና መንገድ ወርዶ ከጠዋት ጀምሮ ይቆማል። የሚሄዱትን ሹፌሮች ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል፤ የሚያስቆመው የሚመጡትን ነው። ከንፋስ መውጫ ወደዚህ የመጣ መኪና ካላየ እኔም አልሄድም። ባለፈው ሴሚስተር ማንም ሳይመጣ ዋለ፣ በማግስቱም ማንም አልመጣም፣ ምዝገባው አለፈኝ፣ ልብሴን ከሻንጣው አወጣሁ። አኩርፌ ነበር፤ ግን አልተቆጣሁትም።

ያኔ አይተናት የማናውቃትን ደሴት ከዳር እስከ ዳር ስናዞራት፣ እየሳቅን፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንጫጫን፣ መሄዱን ብቻ ነበር ያሰብንላት። ዛሬ ተወልደን ያደግንበትን መንገድ እንኳ መመለሱን ሳናይ አንጀምረውም፣ ቤታችንም ውስጥ መንገድ ሲወጣ የሚስቅ የለም። ኔትወርክ ተገኝቶ እትየ ስትገኝ አባየ ስልኩን ይቀበለኝና እንዴት ነሽ እንኳ ሳይላት ያንኑ ይጠይቃታል።

«በዚህ ሰሞን ከዚያ ማዶ ተሻግሮ የተመለሰ ሰው አየሽ?»

«አላየሁም፣ አባየ።»

«እሽ፣» ይላታል፣ «እሽ ልጄ፣» ይልና ስልኩን ለእማየ ይሰጣታል።