የወይዘሮ አበቡ ጉሮሮ

አገኘሁሽ አላምረው ንዴቷን ከማን እንደወረሰችው የሚያውቅ የለም። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጋቸውን ነድቶ ሲሄድ ያገኙትን ሌባ «በል ሳይመሽብህ ግባ» ብለው የሸኙ ሰው ናቸው ይባላል። እናቷ ወይዘሮ አበቡም ቢሆኑ ሲቆጡ ድምፃቸው ከጓዳ አያልፍም። እሷ ግን ነገር ካንገበገባት እስከ ጆሮዋ ጫፍ ትቀላለች። ወንድሟ ወንዴ «ክብሪት አትግዙ፣ አገኘሁሽ አለችላችሁ» እያለ ሲያበሽቃት ነው ያደገችው።

ይህች ሴት ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ከሥራው ሁሉ የሚያቃጥላት አንድ ነገር ነበር። ከገጠር በቃሬዛ የመጣች ሴት «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ትላለች። ደም ይቀዳል፣ ራጅ ይነሳል፣ ምንም አይገኝም። ሐኪሙም ቀና ብሎ ሳያያት «ምንም የለብሽም፣ ሂጂ» ይላታል። አገኘሁሽ ኮሪደር ላይ ቆማ ትንገበገባለች። እንዴት ምንም የለባትም? እጇ እኮ አይነሳም! የታመመ ሰው ታመምኩ ሲል ውሸታም የሚባልበት አገር ሌላ የት አለ?

ስለዚህ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትመዘገብ ሌላ ነገር አልመረጠችም። ኀዘን፣ ፍርሃትና ንዴት የሰው ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠሩ፣ አእምሮ ያልተናገረውን አካል እንዴት እንደሚናገር ልትማር ገባች። ከጎንደር ወጣ ብላ ፀዳ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ቀን ሆስፒታል፣ ማታ ትምህርት፣ በሁለቱ መካከል ባጃጅ ላይ እያነበበች ትሮጣለች። ጓደኞቿ ምን እንደምትማር ሲጠይቋት «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ትሉ የለ? ብቅል ካላወጣው ሥጋ ያወጣዋል፤ ይኼው ነው ትምህርቴ» ትላቸው ነበር። ሸጋ አባባል ነው። አባባል ደግሞ ለሌላ ሰው ሲሆን ምንጊዜም ሸጋ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ወንዴ ሞተ።

የመተማ መንገድ ሾፌር ነበር። አይሱዙው ከነጭነቱ ገደል ገባ። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሬሳውን ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ትክል ድንጋይ ማምጣት አልተቻለም፤ ጓደኞቹ እዚያው ቆላ ቀበሩት። ወሬው በስልክ የደረሰው ለአያ ላቀው ነው። አያ ላቀው የወይዘሮ አበቡ ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰቡ ራስ፣ ያለሳቸው ቃል እርሻ የማይታረስ፣ ሠርግ የማይደገስ ሰው ናቸው። በነጋታው ፀዳ ድረስ መጥተው ለአገኘሁሽ ነገሯት። ልትጮህ አፏን ስትከፍት በመዳፋቸው አፈኗት።

«እናትሽ ግፊት አለባት» አሏት። «በድንገት ከሰማች ልቧ ቀጥ ይላል። ለመርዶው ቀን እንቆርጣለን፤ እስከዚያ ካፍሽ እንዳይወጣ። በመድኃኔዓለም ይዤሻለሁ!»

መርዶ እንደ ገበያ ወሬ ደጅ ላይ አይነገርም፤ ይኼ የታወቀ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ ገብቶ፣ የምትወድቀዋን የሚይዝ ሰው አጠገቧ አስቀምጦ ነው። አንዱ ብቻውን ሄዶ ቢናገር ነውረኛ ይባላል። እሺ፣ ደግ ሥርዓት ነው። ግን ቀኑ መቼ ነው? ሐምሌ ሲገባ «በዚህ ዝናብ ድንኳን አይተከል» አሉ። ነሐሴ ላይ «ጾም ይፈታ» አሉ። ከዚያ «አውደ ዓመቷን ለምን እናበላሽባት» አሉ። መስከረም ሲያልቅ ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ያንቺ ምርቃት ይለፍ!» ሰው ሞቶ፣ እናቱ ሳትሰማ፣ ምርቃት!

አገኘሁሽም እሺ አለች። ንዴት የሚነድደው እዚህ ላይ ነው። አያ ላቀው ቢሉት ፊደል ሳይቆጥሩ ያረጁ ሰው ናቸው። እሷ ግን የተዋጠ ኀዘን ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ሌት ተቀን የምታነብ ሴት ናት። ቢሆንም ክፍል ገብታ፣ ፈተና ተፈትና፣ ለእናቷ ስልክ ደውላ «ደህና ነን፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው» ትላለች። እናቷ ስለ ወንዴ አለመጠየቃቸውን እንኳ እንደ ዕድል ቆጠረችው። «ተመስገን፣ ዛሬም አላነሳችውም» እያለች ስልኩን ትዘጋለች።

የወይዘሮ አበቡ ጉሮሮ የተዘጋው በዚያ ክረምት ነው። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አላቸው። «አንድ ነገር እዚህ ጋ ተቀርቅሮብኛል» ይላሉ አንገታቸውን ይዘው። ቀጥሎ ገንፎው እምቢ አለ። ጠበል ተጠመቁ፣ ጠጡም፤ እሱም በግድ ነው የወረደው። ጥቅምት ሲገባ ቀጭን አጥሚት ብቻ በማንኪያ እየተጎነጩ ነበር። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ አልቆይ አለ።

አገኘሁሽ ይዛቸው ሆስፒታል ገባች። ጉሮሯቸው በካሜራ ታየ፣ ደማቸው ታየ፣ አንገታቸው ተዳሰሰ። ወጣቱ ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ «ሲስተር፣ እናትሽ ምንም የለባቸውም» አላት። ያ ቃል፣ ስንት ዓመት በሰው እናት ላይ ሲባል የሰማችው ቃል፣ ዛሬ በገዛ እናቷ ላይ መጣ። ምን እንዳለባቸው እኮ ታውቃለች! ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ ከሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

እናቷን ፀዳ አስተኝታ በዚያው ቀን ፒያሳ ወረደች። የመመረቂያ ጽሑፏ አማካሪ ዶክተር እንዳልካቸው ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ ይጠጣል። ሁሉንም ዘርግፋ ነገረችው፤ የወንድሟን ሞት፣ የአጎቷን ቀጠሮ፣ የእናቷን ጉሮሮ። የፈለገችው አንድ ነገር ነው። አብሯት ትክል ድንጋይ ሄዶ፣ ዶክተር ነኝና ስሙኝ ብሎ፣ መርዶው እንደማይገድላቸው ለአያ ላቀው እንዲነግርላት።

ዶክተሩ በጥሞና ሰማት። ከዚያ ዓይኑ በራ።

«አገኘሁሽ፣ ይኼ እኮ አሪፍ ኬዝ ነው!» አለ። «አሁን ቶሎ አትንገሯቸው። መጀመሪያ መጠይቁን ሙዪላቸው፣ ግፊቱን፣ ክብደቱን፣ እንቅልፉን ለኪ። መርዶው ከተነገረ በኋላ ደግመሽ ትለኪያለሽ። በፊትና በኋላ የሚባል ነገር በዚህ አገር ማን አግኝቶ ያውቃል?»

«እናቴ ናት» አለች።

«እሱማ ገብቶኛል፣ ስም አይጠቀስም እኮ...»

«እናቴ ናት አልኩህ! ምኗን ነው የምለካው? ስትደርቅ ስንት ኪሎ እንደቀነሰች?» ጠረጴዛውን ገፍታ ስትነሳ ማኪያቶው ሱሪው ላይ ተደፋ። ካፌው ሁሉ ዞሮ አያት። እሰይ! ደግ አደረገች።

በማግስቱ እናቷን ይዛ ትክል ድንጋይ ገባች። ከቤት አግብታቸው፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አያ ላቀው ደጅ ሄደች። አያ ላቀው ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አያ ላቀው፣ እህትዎን እየገደሏት ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ምነው ሰው ፊት...»

«ቀስ አልልም! አራት ወር ቀስ አልኩ። ምግብ አይወርድላትም፣ ውኃ አይወርድላትም። ልቧ ቀጥ ይላል ብለው በረሃብ ሊጨርሷት ነው? ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል። እምቢ ካሉ አሁኑኑ ሄጄ ብቻዬን እነግራታለሁ፣ ነውረኛ ልባል!»

«ምርቃትሽስ?»

«ምርቃቴ ይቃጠል!»

አያ ላቀው ተነሱ። «ጠልቼ መሰለሽ?» አሉ፤ እሳቸውም ጮሁ። «ወንዴን ማን አሳደገው? አባታችሁ ሲሞት ማን ከእርሻ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት አመላለሰው? ፊቷን እያየሁ 'ልጅሽ ሞተ' ልበላት? አንቺ ትችያለሽ? እኔ አልችልም! አልችልም አልኩሽ!»

እንግዲህ ይኼው ነው። ግፊቱም፣ ዝናቡም፣ ጾሙም፣ አውደ ዓመቱም ሰበብ ነው። አንድ ሽማግሌ የእህታቸውን ፊት ማየት ፈሩ፤ አንዲት የተማረች ሴት ደግሞ በእሳቸው ፍርሃት ጀርባ ተሸሸገች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ የንስሐ አባቱን ሊጠራ ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ሄዱ። የንስሐ አባት ከፊት፣ አያ ላቀው ቀጥሎ፣ ዘመዱ ከኋላ። አገኘሁሽ ሌሊቱን ከአያ ላቀው ቤት ነው ያደረችው፤ ከነሱ ጋር ልትገባ። በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ አበቡ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ እያዩ አስገቡ። አያ ላቀው «እንግዲህ እህቴ፣ እግዜር የሰጠውን...» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን አነሱባቸው።

«ተው ላቀው፣ አትድከም» አሉ። «በሰኔ ሚካኤል ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሐምሌም ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ዛሬ ይነግሩኛል፣ ነገ ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ መጥተህ ስለ በሬህ አወራኸኝ። አገኘሁሽ መጥታ ስለ ትምህርቷ አወራችኝ። አንዳችሁ እንኳ 'ወንዴ ምነው ጠፋ' አላላችሁም። ሰው ለጠፋበት ዘመዱ ዝም ይላል? ዝም የሚለው ለሞተበት ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠይቂን?» አሉ አያ ላቀው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ብጠይቅ ትዋሹኛላችሁ። ሳታረዱኝ ባለቅስ ደግሞ፣ ምናልባት ካለስ? በቁሙ አልቅሼ በልጄ ላሟርትበት? የናት ለቅሶ ባልሞተው ላይ ሞት ይጠራል አይደል የምትሉት? እናንተ እስክትመጡ ይዤው ተቀመጥኩ። ደግሞ አልመጣ አላችሁ!»

የንስሐ አባቱ መኪናው ገደል መግባቱን፣ ልጃቸውም እዚያው ቆላ መቀበሩን ነገሯቸው። ወይዘሮ አበቡ ተነሱ። ያ ከጓዳ የማያልፍ ድምፃቸው ወጣ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። ደረታቸውን እየደቁ፣ አገር እየሰማ፣ በዘመዶቻቸው ፊት ሙሾ አወረዱ።

*ልጄን ገደል በላው አንድ ቀን በመንገድ፣*
*ለቅሶውን ግን ሰርቆ የበላብኝ ዘመድ።*

ተቀባዮቹ ሴቶች ግራ ገባቸው። እንዲህ ያለውን ሙሾ እንዴት ይቀበሉታል? አያ ላቀው ግድግዳው ላይ ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ወይዘሮ አበቡ ደጋገሙት፤ በመጨረሻ ሴቶቹም ተቀበሏቸው።

ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛ ከየቀበሌው ጎረፈ። ጉሮሯቸው በአንድ ጀምበር አልተከፈተም፤ ሰልስት ሲሆን ግን አንዲት ጎረቤት ያጎረሰቻቸው ፍትፍት ወረደላቸው። ሁሉም «ተመስገን» አለ። ዶክተር እንዳልካቸውም በዚያው ቀን «እናትሽ እንዴት ሆኑ? መብላት ጀመሩ?» ብሎ ደወለ። አገኘሁሽ ስልኩን ዘጋችበት።

ከዚያ እንደ ሴት ልጅ ወጉ ከእናቷ አጠገብ፣ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ፍራሹ ላይ ልትቀመጥ መጣች። እስከዚያ ቀን ከወጥ ቤት ወደ ድንኳን ስትሮጥ ነበር፤ ቁጭ ብላ አታውቅም። ወይዘሮ አበቡ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ» አሏት። «ኀዘን የሰው ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ ነው አይደል የምትማሪው?»

«አዎ እማ።»

«አንገቴን ይዘሽ ለሐኪም ስታሳዪኝ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «አውቅ ነበር» አለች።

ወይዘሮ አበቡ ፊታቸውን አዞሩ። «እንግዲያ አንቺ ቀድመሽ ሰምተሻል፤ ኀዘንሽ አልፏል። ሂጂ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጪ።»

«እማ...»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ከዘመዱ መሐል አንድ ሰው እንኳ «ተይ አበቡ» አላለም። አገኘሁሽ ድንኳኑን አቋርጣ፣ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መሐል ተቀመጠች። ተናዳለች፤ በእናቷ፣ በአጎቷ፣ በዶክተሩ፣ በራሷ፣ ገደል ገብቶ በተዋት ወንድሟ። የሚወጣላት እንባ ግን አልነበረም። አጠገቧ የተቀመጠች፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ሴት እያየቻት ቆየችና ጠጋ አለች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ለሟቹ ምኑ ነሽ?»

«እህቱ ነኝ» አለች አገኘሁሽ።

ሴትዮዋ ፍራሹ ላይ የተቀመጡትን ቤተ ዘመድ አየች፤ መልሳ እሷን አየቻት።

«ታዲያ ምነው እዚህ?»