ከአባቴ የደበቅሁት ግማሽ ብርጭቆ

ባለፈው ሰንበት ኩላሊቱን የሚታመም ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ሚስቱን ከሐኪም ወረቀት ጋር ስትታገል አገኘኋት። «ወተትና አይብ ይቀንስ ይላል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አልገባኝም» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ሳነብላት ሐሳቤ ጋይንት፣ አባቴ ቤት ገባ።

ዘመኑ ደርግ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርሁ፣ እሱንም በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ነው። በዚያ ክረምት አባቴ ፊታቸውም እግራቸውም አበጠ። መስከረም ሲጠባ ደብረ ታቦር ወሰድናቸው። ሐኪሙ «ኩላሊታቸው ደክሟል» አለና የሚበሉትንና የማይበሉትን ጽፎ ሰጠኝ። ጨው የለም፤ አይብ የለም፤ ወተት ወይም እርጎ በቀን ግማሽ ብርጭቆ።

ቤት ስንደርስ ያችን ግማሽ ብርጭቆ ዘለልኋት። ግማሹ አንድ፣ አንዱ ሁለት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እናቴን በልጅነቴ ቀብሬያለሁ። «የወተት ዘር እንዳይቀምሱ ብሏል» አልኋቸው። አመኑኝ።

ወሩ መስኩ የለመለመበት፣ ላሞቻችን ግት ሞልተው የሚገቡበት ነበር። አባቴ ጨው የሌለው ገንፏቸውን ዝም ብለው ይበላሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ወተቱ ቅል ይሄዳል።

በጥቅምት ታላቅ እህታቸው፣ አክስቴ እናኑ፣ ከስማዳ ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ያዘሉት ቅል በወይራ ታጥኖ እርጎ ሞልቶበታል።

«ይኸው ወንድምዓለም፣ ከገዛ ላሜ!»

መሃል ገባሁ። «አይሆንም፤ ሐኪሙ ከልክሏል።»

አክስቴ አፈጠጡብኝ። «አንች! እርጎ ጠጥቶ ያደገውን ሰው በርሃብ ልትገድይው ነው?» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

«ልጄን አትቆጫት» አሉ አባቴ። «እሷ ወረቀቱ ካለው ውጭ አትናገርም።»

የአክስቴን ቁጣ ችዬው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልሁም። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብሁ፦ «ወተት ወይም እርጎ፣ በቀን ግማሽ ብርጭቆ።»

አክስቴ እንባቸውን ጠረጉ።

«ይህን መቼ ጻፈው?» አሉ አባቴ።

«ያኔውኑ። ከግማሹ ያልፋሉ ብዬ ነው… ይሞቱብኛል ብዬ ነው፣ አባዬ።»

ዱላ ጠብቄ ነበር። አባቴ ግን ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። «እናኑ፣ ይችን ልጅ ሐኪሙም አይችላት!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ቅጅ። ግማሿን ብቻ።»

ቀዳሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ ጠጡ፤ ጢማቸው ላይ የቀረውን ነጭ ሳይጠርጉት ዋሉ። ከዚያን ቀን ወዲያ ልኩን የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ፤ እጄ ትንሽ ሲያጋድል «ይብቃሽ!» ይሉኛል። እብጠቱም እየጎደለ ሄደ፤ የመጀመሪያ ልጄን አቅፈው ለመሳም በቁ።

ለአባቴ ዕድሜ የምሳሳ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸውም ይሳሱ ነበር። አሁን አርጅቼ ልጆቼ «እማዬ፣ ይህን አትብይ» ሲሉኝ አልቆጣም። ስንቱ እንደተፈቀደልኝ እጠይቃለሁ፤ ሲነግሩኝም አምናቸዋለሁ።