በር ላይ የቀረችው ካሜራ

ሌላው ሰው ሲሰደድ በሌሊት ነው፣ እኔ ግን የወጣሁት በጠራራ ቀትር ነው። ድሬዳዋን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ብዙ ልዩነት የለውም። በእኛ ከተማ ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ወይ ይተኛል ወይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ መንገድ ላይ ከፍየልና ከባጃጅ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚነሳው በዚያው ሰዓት ስለነበር ተወልጄ ካደግኩበት ሰፈር ስወጣ ብቅ ብሎ የሸኘኝ ጎረቤት አልነበረም። እናቴ ከፍራሹ ሳትነሳ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ሳምኳት፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተኛች ለመምሰል ነው። እኔም የተኛች መስሎኝ የወጣሁ ለመምሰል ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ጣት ወጣሁ።

ታናሽ እህቴ ሳሚያ በባጃጅ እስከ ኤርፖርት ሸኘችኝ። እኔ ሻንጣዬን ይዣለሁ፣ እሷ ካሜራዬን አቅፋለች። ያ ትልቅ ጥቁር ካሜራ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሷ ነበር፣ ሥራዬም እንዲሁ።

የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር፣ “ነጂማ፣ እኔ እንዳንቺ አልችልም አቦ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ካሜራውን ጥዬ መሮጥ ነው የሚያምረኝ” አለችኝ።

“ትለምጂዋለሽ” አልኳት። ሰው ሲሸሽ ለሌላው የሚተወው ምክር መቼም እንዲህ ነው።

ሥራዬን ለማታውቁ ላስረዳ። እኔ የሴቶች ወገን ፎቶ አንሺ ነበርኩ። በእኛ ሰርግ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ነው ዳስ የሚጣልላቸው። የሴቶቹ ዳስ መጋረጃው ዙሪያውን ይወርድና ሻሹ ይወልቃል፣ ጸጉሩ ይፈታል፣ ድሪያ በምንለው ስስ ሰፊ ቀሚስ ይጨፈራል። ወንድ አይገባም፣ ስልክም አይገባም። የሚገባው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፣ እሱም በሴት እጅ። ሰርጉ ሲያበቃ ሚሞሪውን ነቅለሽ ለሙሽራዋ እናት ታስረክቢያለሽ፤ አንዲት ፎቶ እንኳን ለራስሽ አታስቀሪም። በሩ ላይ የምትቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ የአባቴ እህት አዳዳ ሩቂያ ናት። “ሩቂያ በር ላይ አለች ወይ?” ብላ ሳትጠይቅ ሻሿን የምታወልቅ ሴት በሰፈራችን የለችም። እሷ “ግቢ” ካለችሽ ገባሽ ነው። እኔን ስንት ዓመት ሙሉ “ግቢ” ብላኛለች።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን የሚያገላብጠው ሰውዬ፣ “ሥራሽ ምን ነበር?” አለኝ።

“ፎቶ አንሺ።”

“ጀርመንም ፎቶ ልታነሺ ነው?”

“አይ፣ ሽማግሌ ልንከባከብ ነው። ትምህርት ነው፣ እየሠራን እንማራለን።”

ቀና ብሎ አየኝና፣ “እዚህስ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው?” አለ። ማህተሙን መታልኝ። ፓስፖርቴን ተቀብዬ አለፍኩ።

ጀርመን እንደገባሁ አንድ ቢሮ ቀረብኩ። እዚህ አገር ያለ ቀጠሮ አትሞችም፤ ቀጠሮውን ተርሚን ይሉታል። ተርሚኔ ደርሶ ገባሁ። ሴትዮዋ ሙያዬን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዲፕሎም አለሽ ወይ አለችኝ፣ የለኝም አልኳት።

“ታዲያ ፎቶ አንሺ መሆንሽን ማን አረጋገጠልሽ?”

“አዳዳ ሩቂያ።”

“ተቋም ነው?”

አዎ፣ በር ላይ የሚቆም ተቋም ነው ልላት ፈልጌ ነበር፤ ቋንቋው አልደረሰልኝም። “ሙያ የሌላት” ብላ መዘገበችኝና ቀጣዩን ጠራች። ከዚያ ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም ቢሮው ውስጥ ማልቀስ ለራሱ ተርሚን የሚያስፈልገው መስሎኝ ነበር።

አከራዬ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ባጊያ ጠበስኩ። አተሩን ፈጭቼ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ፣ ቀፊራ ገበያ በር ላይ ከሚጠበሰው የማይተናነስ አድርጌ። ዘይቱ ገና ሲንጫጫ በሬ ተንኳኳ።

“ምንድን ነው ይሄ ሽታ?”

“ምግብ ነው። ናና ቅመስ” አልኩት። በእኛ ከተማ ሽማግሌውም ሼኩም “አንተ” ነው የሚባለው፤ ደገኞች ሲሰሙን ይደነግጣሉ እንጂ እኛ ንቀን አይደለም። እሱ ግን ፊቱ ቀላ።

“እኔና አንቺ መቼ ተዋውቀን ነው አንተ የምትይኝ? ደግሞስ አሁን ሩሄ መሆኑን አታውቂም?”

ሩሄ ማለት የቀትር ጸጥታ ነው። ልብስ ማጠቢያ አይከፈትም፣ ሚስማር አይመታም። እኔ ይሄን ስሰማ በደስታ ልሞት ደረስኩ። እንደ ድሬ ቀትር ላይ የሚተኛ ሕዝብ አገኘሁ አልኩ።

“እናንተም ቀትር ላይ ትተኛላችሁ?”

“እኔ? በቀን የምተኛ ሰው እመስላለሁ?”

“ታዲያ ጸጥታው ለምንድን ነው?”

“ለጸጥታው ነዋ!” አለና ሄደ። ባጊያውን ብቻዬን በላሁት። ባጊያ ብቻውን የሚበላ ነገር አይደለም፣ ደግሞም ያለ ሙቀት አይጣፍጥም። እዚህ ፀሐይዋ ወጥታ እንኳን አታሞቅም፤ ተሥላ የተሰቀለች ነው የምትመስለው።

በዚህ መሀል ሳሚያ ደወለች። ካሜራዬ ሞቷል። ሲነሳ ቀጭ የሚለው መዝጊያው ተሰብሮ ታይዋን ገበያ ብትወስደው የሚጠግነው ልጅ “ዕቃው አይገኝለትም” ብሎ መለሰላት። የደወለችው ግን ልታረዳኝ ብቻ አልነበረም። የአዳዳ ሩቂያ ልጅ፣ የአክስታችን ልጅ ሐያት ልታገባ ነው። ሐያት በእኔ ጀርባ ያደገች ልጅ ናት። ድሮ የሌላውን ሰው ሰርግ ሳነሳ ከኋላዬ እየተከተለች “እኔን መቼ ነው?” ትለኝ ነበር።

“ካሜራ እኔ እልካለሁ” አልኩ፣ ወዲያው፣ ሳላስብ።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ሻጩ አቅሜ የሚፈቅደውን ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ብሪጅ የሚሉት ነው፦ ትልቅ፣ ጥቁር፣ አፍንጫው ረጅም፣ ሌንሱ የማይነቀል። ሻጩ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ሰዓት አሳየኝና ዙሙን ሳበው፤ ሰዓቱ መጣ፣ ቆጣሪው መጣ፣ ቆጣሪው ላይ ያረፈች እርግብ ዓይኗ ሳይቀር መጣ። ሁለተኛዋ ሚረርለስ ናት። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ጠፍጣፋ፣ ሌንሷ አጭር፣ ድምፅ የማታሰማ።

“ምን ልታነሺበት ነው?”

“ሰርግ። ዳስ ውስጥ፣ መጋረጃው የወረደ።”

ትልቁን ወደራሱ ሳበው። “ይሄ ውጪ ነው የሚያምርበት። ውስጡ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የትንሽ ጣት ጥፍር ነው የሚያህለው፤ ብርሃን ሲያንሰው ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ትንሿ ግን ሴንሰሯ ሰፊ ነው፣ በደብዛዛ ብርሃንም ፊት ታወጣልሻለች።”

እኔም የማውቀው ይሄንኑ ነበር። ለሳሚያ ደውዬ ትንሿን እልክልሻለሁ ስላት ጮኸች።

“ወላሂ እንዳታዋርጂኝ! ትልቁን ላኪልኝ። ታይዋን ያለው ልጅ እንኳን ሌንሱ የረዘመ ነው ፕሮፌሽናል ብሎኛል።”

“ታይዋን ያለው ልጅ የሴቶች ዳስ ገብቶ ያውቃል?”

“ሴቶቹስ ሌንሱን አይደል የሚያዩት? ደሞ በትልቁ ጥግ ቆሜ ከሩቅ አነሳለሁ። መሀላቸው መግባት እኮ ነው የሚያስፈራኝ።”

“ከሩቅ ማንሳት ነውር ነው፣ ሳሚያ” አልኳት። ይሄን አምኜ ነው ያልኩት፣ አሁንም አምናለሁ። እኔ ሳነሳ አጠገባቸው ነበርኩ። ያልፈለገች መዳፏን ታነሳለች፣ ወይ ሻሿን ሳብ ታደርጋለች፣ እኔም አልፋታለሁ። ከዳሱ ጥግ ሆኖ የሴት አንገት በዙም የሚጎትት ካሜራ ማንን ያስፈቅዳል? “ትንሿን ይዘሽ ቅረቢያቸው። ደሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሐያትን አንዲት ፎቶ፣ አንዲት ብቻ፣ በስልክሽ አሳልፊልኝ።”

“አንቺ ነሽ እኮ አይደረግም ብለሽ ያስተማርሽኝ” አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ትንሿን የመረጥኩት ለሳሚያ ብቻ አልነበረም። ካሜራዋ ያንን በር ስታልፍ እኔም አብሬ የምገባ መስሎኝ ነበር። ስደተኛ ሞኝ ነው፣ ዕቃ በላከ ቁጥር ራሱን የላከ ይመስለዋል። ለእረፍት ወደ ድሬ የሚሄድ የአገር ልጅ ፈልጌ ትንሿን ካሜራ በሹራብ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

የሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበርኩ። የአረጋውያኑን አንሶላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እያጠፍኩ ስልኬ ጮኸ። ሳሚያ ናት፣ ከዳሱ በር ላይ፣ እያለቀሰች።

“አላስገባም አለችኝ።”

“ማን?”

“አዳዳ ናታ! ስልክ ነው አለችው።”

“ስጫት።”

አዳዳ ሩቂያ ስልክ ስታወራ እኔ ጋ በድምፅዋ ብቻ የምትደርስ ይመስል ትጮኻለች። “ነጂማ! ኢንተለ ቲያ! ልጄ፣ ደህና ነሽ? በረዶው አልገደለሽም?”

“ደህና ነኝ አዳዳ። እንኳን ደስ ያለሽ። ያቺ እኮ ካሜራ ናት፣ ስልክ አይደለችም፣ እኔ ነኝ የላክኋት።”

“ሂንታኡ! አይሆንም። ትላንት ሳሚያ ለልጆቹ ስታሳይ በዓይኔ አይቻለሁ። ፎቶው ያለ ገመድ ዘሎ ስልክ ውስጥ ገባ። ደሞ ድምፅ የለውም፣ መቼ እንደሚያነሳን በምን እናውቃለን?”

“ድምፁ ይከፈታል። ዋይፋዩም ይዘጋል። አንቺ ፊት ትዝጋው።”

“እሱን የሚያውቅ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ሴቶቹ የሚጠይቁት እኔን ነው።”

“እና ሐያት ያለ ፎቶ ልታገባ ነው?”

“ለምን ብላ? ሌላ አግኝተናል። ይኸው መጣች፣ ካሜራ የሚመስል ካሜራ ይዛ።” ሳሚያ ስልኩን ተቀብላ ቪዲዮውን ከፈተችልኝ። አንዲት የማላውቃት ልጅ አንገቷ ላይ ያን ረጅም አፍንጫ አንጠልጥላ፣ ሱቁ ውስጥ ትቼው የወጣሁትን ዓይነት ብሪጅ፣ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አዳዳ “ግቢ” ስትላት ሰማሁ።

እኔም ጮህኩ። “አዳዳ! እሱም ዋይፋይ አለው! ጥግ ሆኖ ጥርስሽን ይቆጥራል! እዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ የልጅሽን ፊት አሸዋ ነው የሚያደርገው!” አንሶላ ሊወስድ የመጣው ባልደረባዬ ደንግጦ በሩን መልሶ ዘጋው።

አዳዳ ሩቂያ ስልኩን መልሳ ወስዳ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ድምፅዋን ቀነሰች። እንዲህ ስታወራኝ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

“ነጂማ፣ ሳሚያ ነግራኛለች፣ አንድ ፎቶ ላኪልኝ አላልሻትም?”

ያጠፍኩትን አንሶላ መልሼ ዘረጋሁት።

“እኔ አንቺን የማስገባሽ ካሜራሽን አውቄው ነበር? ስለካሜራ ምን አውቃለሁ። አንቺ እኛ ጋር ነበርሽ። ሻሽሽን አውልቀሽ፣ ላብሽ እየወረደ፣ መሀላችን። አሁን ከየት ሆነሽ ነው የምታይን? አጠገብሽስ ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ?”

“ማንም የለም፣ አዳዳ። ብቻዬን ነኝ።”

“ይሄ ደሞ ይባስ” አለችና ስልኩን ለሳሚያ መለሰችላት።

ሳሚያ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ “እኔስ ልግባ? ሐያት ትጠብቀኛለች። በእንግድነት ልግባ” አለችኝ። ደስታ ቢጤ ድምፅዋ ውስጥ ነበር፣ ማንሳት ቀርቶላት መጨፈር ሊሆን ነው። ልቆጣት አቃተኝ።

“ግቢ” አልኳት። “ስልኩን ግን አትዝጊው።”

“ዘንቢል ውስጥ ነው እኮ የሚሰበሰበው፣ ምንም አታይም።”

“ይሁን። አትዝጊው።”

ከዚያ ጨለመ። የሴቶቹ ሁሉ ስልክ የተከማቸበት ዘንቢል ውስጥ ነበርኩ። አንዱ ስልክ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ይጮኻል፣ ማንም አያነሳውም። አዳዳ ሩቂያ ከበላይ ሆና አንዷን “ስልክሽን ጣይና ግቢ” ትላለች፣ ስልኩ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ይወድቃል። ከመጋረጃው ወዲያ ከበሮው ጀመረ። ቀጥሎ እልልታው መጣ፣ ሐያት የወጣች መሰለኝ። አንሶላውን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። የትኛዋ ድምፅ የማን እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ፣ የእናቴን የለየሁ መሰለኝ፣ መልሼ ደግሞ እርግጠኛ አልሆንኩም።

ስልኩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። የሳሚያ ባትሪ ነው ያለቀው።