ሽማግሌዎቼ አገር ሲጎበኙ

ሽማግሌ መላክ ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ትመርጣለህ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ ሄደው ልጅቷን ይጠይቁልሃል፤ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ጥፍርህን እየበላህ ትጠብቃለህ። የኔዎቹ ግን ከወልቂጤ ቡታጅራ ለመድረስ መንገድ ላይ ያልቆሙበት ቦታ የለም። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፣ ነውር ነው። እኔ ሄድኩ፣ ሹፌር ሆኜ።

መኪናው የጓደኛዬ ነው። ሊነዳልን ቃል ገብቶ ነበር፤ ዋዜማው ላይ ታይፎይድ ጣለው። ከአልጋው ሆኖ ቁልፉን ሲሰጠኝ «ካንተ ሌላ ሰው እንዳይነዳት» አለኝ። አጎቴ ጉዳዩን ሰምተው ትንሽ አሰቡና ፈረዱ።

«ኮፍያ አድርግ። አፍህን ዝጋ። ሹፌር ነህ፣ ሌላ ምንም አይደለህም።»

ልጅቷና እኔ ወልቂጤ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሷ ባዮሎጂ፣ እኔ ሒሳብ። አባቷ በወጣትነታቸው ከጎንደር በመንግሥት ሥራ ተመድበው ቡታጅራ የመጡ፣ ከጉራጌ አግብተው እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ሌላ ማንም የላቸውም። ቀጠሮ የሰጡን ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ነበር። በማግስቱ እሁድ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ልጁ በኮንቴይነር ዕቃ የሚያስመጣ ነው አሉ። አባትየው የሁለቱንም ሰምተው የመሰላቸውን ሊመርጡ ነው። እሷ ነገሩን አሳጥራ ነገረችኝ፦ «ቅዳሜ እሺ ካላሰኛችሁት እሁድ ላልተፈለገ ሰው እሺ ይላል። እኔ ደግሞ አባዬን ረግጬ አልወጣም።» እንደ ልማዱ «እንመካከርና ሌላ ቀን ተመለሱ» ካሉን፣ ያ ሌላ ቀን ለእኔ የለም። ይህን ለሽማግሌዎቹ ደጋግሜ አስረድቻለሁ። ሦስቱም በደንብ ገባን ብለውኛል።

አጎቴ ዕድሜያቸውን መርካቶ ጨርሰው፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው ወልቂጤ የገቡ ሰው ናቸው። ጎረቤታችን ሐጂ ምላሳቸው ጤፍ ይቆላል፤ ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ አላየሁም። ሦስተኛው ድሮ ታሪክ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፣ የጎጃም ሰው። እሳቸውን የመረጥናቸው የሰሜን ሰው ሲያዩ የልጅቷ አባት ልባቸው ይራራል ብለን ነው። ሦስቱም በሰው መኪና፣ በሰው ነዳጅ፣ በሰው ጉዳይ ረጅም መንገድ ሄደው እንደማያውቁ የገባኝ ከተማውን እንደለቀቅን ነው። ሐጂ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ስልካቸውን አወጡና «ቀስ በል ልጄ፣ አገር እንይ» አሉኝ።

ቸሃ ስንደርስ አጎቴ «ቁም!» አሉ። የሆነ ነገር የገጨሁ መስሎኝ ፍሬኑን ረገጥኩት። ለካ ለጋሼ ጀፎረ ሊያሳዩ ነው። ጀፎረ በግራና በቀኝ ቤቶች የተሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር መንገድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረው የሚገፋ ሰው በአገሩ ፊት ይዋረዳል። አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ እየተራመዱ አባቶቻችን ለዚህች ሣር እንዴት እንደሚጠነቀቁ አስረዱ። የራሳቸውን ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሲሚንቶ ያስለበሱት እሳቸው ናቸው።

ጋሼ «ይህ መመዝገብ ያለበት ቅርስ ነው» አሉ። ጋሼ የሚወዱት ነገር ሁሉ መመዝገብ አለበት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ችግሩ አጎቴ በእርምጃቸው ስፋቱን መለካት ሲጀምሩ መጣ። አንዱ አጥር ጋ ሲደርሱ ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይሄ አጥር ተገፍቷል!» አሉ። ባለ አጥሩ ከቤቱ ወጣ። ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤቱም ወጣ። ጎረቤትየው እስከዚያ ቀን አጥሩን ልብ ብሎት አያውቅም፤ አሁን ግን እንደ ተበደለ ገባው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም።

የኔ ሽማግሌዎች ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ጠብ አገኙ! ወዲያው ዝግባ ሥር ተቀምጠው ሁለቱን ከፊታቸው አቆሙና ዳኝነት ጀመሩ። ሐጂ «ቀላል ጉዳይ ነው፣ ኢንሻአላህ አሁን ያልቃል» አሉኝ። ምስክር ተጠራ። ምስክሩ የሩቅ ዘመድ ሆኖ ተገኘና የዘር ሐረግ ተቆጠረ። በመጨረሻ ሁለቱ ተቃቅፈው ታረቁ፤ አጥሩም ባለበት ይቆይ ተባለ። ምርቃቱ ሲያልቅ ቆጮ በአይብ ቀረበ፣ ደግሞ እሱን እምቢ ማለት ነውር ነው። እኛ ባንመጣ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች በሰላም ውለው ያድሩ ነበር። ሽማግሌዎቼ ግን አንድ መንደር ከጥፋት ያዳኑ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ስልኬ ጮኸ። «አባዬ ከረባት አስሯል። የት ናችሁ?»

«እየደረስን ነው» ብዬ ጻፍኩ። ገና መንገዱን አልጀመርነውም።

ከአረቅጥ አልፈን ወደ ተራራው ስንወጣ ጉሙ ወረደብን። ጉሙ ውስጥ ዝገት የበላው ሰሌዳ ብቅ አለ፦ «ታሪካዊ ድንጋይ»፣ ከሥሩ ቀስት። ማን እንዳቆመው አይታወቅም። ጋሼ ከኋላ ሆነው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ...» አልኳቸው።

«ታሪክን ረግጦ የሚያልፍ ትውልድ ምን ትዳር ይመሠርታል?» አሉኝ።

ይህንን ክፍል ውስጥም ይሉን ነበር፤ ያኔ ስለ ትዳር ሳይሆን ስለ ፈተና ነበር እንጂ። ወረዱ። ቀስቱን ተከትለን ጭቃውን እያቦካን ሄድን፤ ድንጋይ የለም። ድንች የሚኮተኩት ሰው አገኘንና ጠየቅነው። እሱም በአክብሮት ቀና ብሎ «ድንጋዩማ ቤት ሆነ» አለን። የጥንት ጦረኛ ፈረስ ኮቴውን ያሳረፈበት ድንጋይ ነው ይባላል፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለነበር ወንድሙ ቤት ሲሠራ ለመሠረት አስገብቶታል። ጋሼ ራሳቸውን ያዙ። እኔ እንግዲህ እንሂድ ስል ሐጂ «ቤቱስ የት ነው?» አሉ።

ቤቱን ጎበኘን። ጋሼ ከግድግዳው ፊት ቆመው ስለ ጦረኛው፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ኮርቻው ሳይቀር አስረዱ። የቤቱ እመቤት በር ላይ ቆማ በአድናቆት ሰማች፤ በዚያ ቤት ስትኖር ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ሐጂ ሁላችንንም አሰልፈው ፎቶ አነሱን። ከኋላችን ያለው ታሪካዊ ቅርስ የቆርቆሮ ቤት ከነ ዶሮዎቹ ነው።

«አባዬ ከረባቱን እየፈታ ነው» የሚል መልእክት መጣ።

ከዚያ በኋላ አልሰማኋቸውም። አጎቴ አንድ ፏፏቴ አሳዩኝ፣ አልቆምኩም። ጋሼ ጢያ ድረስ ሄደን ትክል ድንጋዮቹን ብናይ ምን ይለናል አሉ፣ ከቡታጅራ በላይ መሆኑን እያወቁ። ሹፌር አይቆጣም ብዬ ንዴቴን ዋጥኩት።

ቡታጅራ የገባነው ቀጠሮው ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አባትየው በራቸውን ራሳቸው ከፈቱልን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከረባቱ የለም። ሽማግሌዎቼ እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ። ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጡም። እኔ ውጭ ልቀር ስል አባትየው «ሹፌሩ ሰው አይደለም? ግባ» አሉኝ። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ጥግ ያዝኩ። እሷ ውሃ ይዛ ስትገባ አየችኝ። ቀና ሳትል ውሃውን አስቀምጣ ወጣች።

«አርፍዳችኋል» አሉ አባትየው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ መንገዱ ጭቃ የሚያምር ውሸት ያዘጋጁ ይመስለኛል። ሐጂ ግን ቀደሟቸው።

«ጌታዬ፣ አንዋሽም። አገር ስንጎበኝ ነው ያረፈድነው። ማሻአላህ፣ ምን ያላየነው አለ! ያላየነው እዚሁ እርስዎ አጠገብ ያለውን ሐረ ሸይጣንን ብቻ ነው። እንዴት ነው እሱ ሐይቅ?»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አበቃልኝ አልኩ በልቤ።

«አላውቀውም» አሉ አባትየው። «አይቼው አላውቅም።»

ሦስቱም አፋቸውን ከፈቱ። በመኪና ቅርብ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሆሳዕና መንገድ። ሰው ከሩቅ እየመጣ ያየዋል። አጎቴ ቶሎ አሰቡ። «እኛ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም። ቆመን ከምንጠብቅ ቆመን እንየው» አሉ። እንዲህ ያለ ሽምግልና በጉራጌም በጎንደርም ያለ አይመስለኝም። አባትየው ግን ኮታቸውን አነሱና ጋቢና አጠገቤ ተቀመጡ።

ሐረ ሸይጣን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው፤ ከአፋፉ ሆነህ ወደ ታች ታየዋለህ። የወረወሩት ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይላሉ፣ የቱንም ያህል ብትወረውር። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቼ ጋቢያቸውን አጣፍተው እየተሽቀዳደሙ መወርወር ጀመሩ። ሐጂ «አዑዙ ቢላህ!» እያሉ ይወረውራሉ፤ አጎቴ የኔ ደርሷል፣ ድምፁን አልሰማችሁም እንጂ ብለው ይከራከራሉ። ለምን እንደመጣን ያስታወሰ ሰው የለም።

አባትየው አልወረወሩም። እኔ አጠገብ ቆሙ።

«ባለቤቴ የቸሃ ልጅ ነበረች» አሉኝ። ለሹፌር ነው የሚነግሩት። «እንሂድ፣ እንየው ትለኝ ነበር። ነገ እላታለሁ። ሪፖርት አለ፣ ስብሰባ አለ። ሐይቁ የትም አይሄድ። እሷ ሄደች።»

በጣም አዘንኩ፣ አዘኔታዬን የማሳይበት ፊት ግን አልነበረኝም። ኮፍያዬን አወለቅኩ፤ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው።

ስንመለስ ቤታቸው ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን አጎቴ በመጨረሻ ጉዳዩን አነሱ፣ በሚገባ፣ በወጉ። አባትየውም በወጉ መለሱ።

«ሰምቻለሁ። እንመካከርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

«እግዜር ይስጥልን!» አሉ አጎቴ በደስታ። ሐጂም «ኢንሻአላህ! ያኔ በጢያ በኩል ዞረን እንመጣለን» አሉ። ጋሼ ከአለት በተፈለፈለችው በአዳዲ ማርያምም በኩል እንዲሆን ጠየቁ። እሁድን ማንም አላስታወሰም። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ እኔን ቀብረው የሚቀጥለውን ጉዞ መንገድ መምረጥ ጀመሩ።

መኪናውን ዳር አስያዝኩና አቆምኩ።

«አባባ፣ ልጁ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁለት ሳምንት የለኝም። ዛሬ ይስጡኝ፣ ወይም ዛሬ እምቢ ይበሉኝ።»

አጎቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሐጂ እንኳ ቃል አጡ፣ እኔ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። እንዲህ ያለ ውርደት በኛ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።



«እኔ ሚስቴን ስጠይቅ ሽማግሌ አልነበረኝም» አሉ አባትየው። «ዘመዶቼ ሁሉ ጎንደር ናቸው፣ ማንን እልካለሁ? ብቻዬን ሄጄ ጀፎረው ላይ ቆምኩ። አባቷ 'ሰው የለህም?' አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። 'እንግዲያው እኛ ሰው እንሆንሃለን' ብለው ሰጡኝ። ሰው ሆኑኝም።»

አጎቴ ከጋቢያቸው ሥር «አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመልሱን?» አሉ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸው። ሳይመለሱ የተሰጣቸው ሽማግሌዎች ተብለው ሊወራባቸው ነው።

«ለእሁዶቹ ዛሬ ማታ እደውላለሁ» አሉ አባትየው። የመኪናውን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዛሬ አልከኝ፣ ዛሬ ሰጠሁህ። ግን ያለችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ሰው አታሳጣኝ።»