በወንድሟ ኪስ የተገኘ ካርድ

እዚህ ላውንደሪ ውስጥ እኔ አጣቢ ነኝ፣ እሷ ተኳሽ። «ተኳሿ» ስንላት የማያውቃት ሰው ከጦር ሜዳ የመጣች ይመስለዋል፤ እሷ ግን ዝንብ የማትገድል ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ሸሚዝ ስታሳርር አላየኋትም። የቤታችን ደንብ አንድ ነው፤ ልብስ ከመነካቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ነገር ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ «በኪስ የተገኘ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ከልብሱ ጋር ይመለሳል። ቁልፍ፣ ቀለበት፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ አንዴ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝተናል። ተኳሿ የሰው ወረቀት ገልጣ አታነብም። «የሰው ምስጢር ከካውያ በላይ ያቃጥላል» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ድካም ያዛት። ቆማ መተኮስ ሲያቅታት በርጩማ አመጣሁላት፤ እሱም አልበቃ ሲላት ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘባት። ሐኪሙ ምናልባት ስትወለድ ከእናቷ የተላለፈ ሊሆን ይችላል አላትና፣ «ከቤተሰብ ሌላ ያለበት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«ኧረ ማንም የለም! እኛ ቤት ጉንፋን እንኳ ደፍሮ አይገባም» አለች እየሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐኪሙ ስለ አንድ ሙከራ ነገራት። ክትባት ነው፤ ግን ጤነኛ ሰው እንዳይታመም የሚሰጠው ዓይነት ሳይሆን ቫይረሱ ላደረበት ሰው የታሰበ ነው። ከቫይረሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ሰውነትም በዚያ አማካይነት የጠላቱን መልክ አይቶ እንዲነቃ ይጠበቃል።

«ሌባ ቤት ውስጥ አብሮ ካደገ ውሻው አይጮህበትም» አላት። «እኛ ውሻውን ለመቀስቀስ እየሞከርን ነው። ይሳካል ብዬ ግን አልምልልሽም።»

ተኳሿ የመጨረሻዋን ቃል የሰማች አልመሰለኝም። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ድና የሰባት ዓመት ልጇን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ልታበቃ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እያንጎራጎረች ተኮሰች።

አልተቀበሏትም። ጉበቷን በመሣሪያ ሲያዩት ጠባሳው በዝቶ ተገኘ፤ ጥናቱ የሚወስደው ጉበታቸው ገና ብዙ ያልተጎዳውን ብቻ ነው። ለእሷ የታዘዘላት ቫይረሱን ይዞ የሚያቆይ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነበር። ሐኪሙ «ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ብትመጪ ኖሮ» ሲላት፣ «ማን ያውቅ ነበር?» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ በሆነ ባልሆነው ይህንኑ ትለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ኢንሹራንስ ውስጥ ይሠራል። ኮቱን ለመተኮስ ብቻ ያመጣል። የሌላውን ሰው ቲኬት በቁጥር ስትጽፍ የእሱን ሁልጊዜ «ወንድም ጋሼ» ብላ ነው የምትጽፈው። አንድ ሐሙስ ኮቱን አንጠልጥላ ኪሱን ስትፈትሽ የቀጠሮ ካርድ ወጣ። ፖስታ ውስጥ ልትከተው ስትል የሆስፒታሉን ማኅተም አየች፤ የእሷም ወረቀት ላይ አለና አወቀችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኪስ የወጣ ወረቀት አነበበች። ወንድሟ የዚያው ክትባት ጥናት ተሳታፊ ነው። ሦስት መርፌ ተወግቷል፣ አራተኛው ይቀረዋል። ከታች ቫይረሱ የተገኘበት ዓመት ተጽፏል። በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ካገባች ደግሞ ስምንት ነው።

ካውያውን አጥፍታ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ወንድሟ ምሳውን እናታቸው ቤት ነው የሚበላው። ሁለቱም ገበታ ላይ ነበሩ። ካርዱን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወንድሟ ካርዱን ሳይሆን እናቱን አየ። እሷም ወደ እናቷ ስትዞር ከውሃው ማሰሮ ጎን የቆመው ብልቃጥ ላይ ዓይኗ አረፈ። እናትየዋ ለዓመታት «የግፊት መድኃኒቴ» ሲሉት የኖሩት ኪኒን፣ እሷ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ነበር።

«እማዬ፣ አንቺም?»

«ለሥራ ሲመረመር ተገኘበት» አሉ እናትየዋ አንገታቸውን ደፍተው። «እናትም እህትም ይመርመሩ ተባለ። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ልታገቢ ነበር፤ እነ ባልሽ ቢሰሙ ይተዉሽ ነበር። ትዳርሽን ብዬ ነው ልጄ።»

ያ ትዳር ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም! ሰውየው ስለ ጉበቷ ምንም ሳይሰማ ሌላ ሴት ይዞ ሄደ።

«እሺ፣ ካገባሁ በኋላስ?»

«ወዲያው አረገዝሽ፤ እንዳትደነግጪ ብለን…»

«ልጄስ? ልጄ ላይ ቢያልፍስ?»

ልጅቷ ተመርምራ ነጻ ናት፤ ግን ያዳናት በተወለደች ዕለት የከተበቻት አዋላጅ እንጂ አያቷ አይደሉም።

«እማዬ አስማለችኝ» አለ ወንድሟ። «በየዓመቱ እነግራታለሁ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ጉበትህ ደህና ነው?»

«በየስድስት ወሩ ስለምመረመር… ደህና ነው።»

«እግዜር ይመስገን» አለች፣ ያውም ከልቧ። እኔን የገደለኝ ይህ ነው። እኔ ብሆን ሳህኑን አናቱ ላይ እከሰክስለት ነበር።

«ሐኪሙን ላናግረውና የእኔን ቦታ…»

«ወንበር አይደለም እኮ ጋሼ፣ ተነስተህ የምትለቅልኝ። ዘጠኝ ዓመቴን ነው የበላችሁት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮቱ በሰው እጅ ተላከ። ደረት ኪሱ ውስጥ ስሟ የተጻፈበት ወፍራም ደብዳቤ ነበር። «በይ አንብቢው» አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም፣ ሰውየው ምን እንደሚል ለማወቅ እኔ ራሴ ቸኩዬ ነበር። ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ገበሩን ሳይቀር እንደ ሁልጊዜው አሳምራ ተኮሰችው። ደብዳቤውን እንደታሸገ ፖስታ ውስጥ ከተተችና ጻፈችበት፤ «በኪስ የተገኘ፦ አንድ ደብዳቤ። አልተነበበም።»

ከዚያ ቲኬቱን አነሳች። እጇ እንደ ልማዱ «ወን» ብሎ ጀምሮ ነበር። ቆም አለችና ሰረዘችው፤ «ደንበኛ፣ ቁጥር 214» ብላ ጻፈች።