ሀሊሜ ምስር የሄደችበት ዓመት

ዳንግላ ከገበያው ዳር ሀሊሜን የማያውቅ አልነበረም። ባሏ ኢስሃቅ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ሲያሽከረክር እሷ ከጎኑ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክላለች፤ ከገጠር የመጣውን በአገውኛ፣ የከተማውን በአማርኛ ታስተናግዳለች። ጨዋታ አዋቂ ነበረች። ጎረቤት ደጋግሞ የሚያስወራት ግን አንዱን ነው፤ በአምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ከባሏና ከአሥር ዓመት ልጇ ከሰውዳ ጋር ምስር፣ ግብፅ አገር፣ የሄደችበትን።

የጉዞው ምክንያት ታናሽ ወንድሟ ሸዕባን ነበር። የቂርአት ትምህርት ፍለጋ በሱዳን በኩል ከአገር ሲወጣ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ካይሮ ገብቶ ተማረ፤ ከዚያም መጽሐፍ ጠራዥ ሆኖ እዚያው ቀረ። በየዓመቱ ይጽፋል፤ በየደብዳቤውም ለመጪው ዓመት ኢንሻአላህ እመጣለሁ ይላል። እንዲህ እያለ አሥራ አራት ዓመት አለፈ፤ በመካከሉ የእናታቸው የእማ ዘህራ ዓይን ጠፋ።

ያን ዓመት ኢስሃቅ ሥራው ቀንቶት ነበር። አንድ ቀን መቀሱን አስቀምጦ፣ እሱ ካልመጣ እኛ ለምን አንሄድም፣ ልጅቷም አገር ታያለች አለ። ሀሊሜ ቀልዱን መስሏት ሳቀች፤ ያመነችው ፓስፖርቱ ሲወጣ ነው። ሊነሱ ሲሉ እማ ዘህራ እጇን ያዝ አድርገው፣ "ይዘሽልኝ ነይ" አሏት።

እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ሄዱ። ሀሊሜ አየር ላይ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ስትደግም፣ ኢስሃቅ የፊት ለፊቱን መቀመጫ ስፌት በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር።

ካይሮ ሲወርዱ የተቀበላቸውን ባለ መነጽር ሰው መጀመሪያ አላወቀችውም። "እታለም" ሲላት ነው በድምፁ የለየችው። ደስታዋ ግን እስከ ቤቱ ደጃፍ ብቻ ነበር። በሩን የከፈተችው አንዲት የምስር ሴት ናት፤ ከቀሚሷ ኋላም አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ብቅ አለች። ሸዕባን ጉሮሮውን ጠረገና ሚስቱ ነዒማ እንደምትባል፣ ዙዙም ልጁ እንደሆነች ተናገረ። በአንድም ደብዳቤ አልጻፈውም ነበር። ሀሊሜ ሰላምታዋን ሰጠች፣ የቀረበላትን ቀመሰች፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ለወንድሟ ከ"እሺ" በቀር ቃል አልወጣትም።

ከተማው ግን ኩርፊያ አያስችልም። ትራሙ ሰው እንደ ንብ በደጁ ተንጠልጥሎበት እየደወለ ያልፋል። በኻን ኸሊሊ ገበያ ቀጫጭን መንገዶች የመዳብ ቀጥቃጩ መዶሻ፣ የሽቶ ሻጩ ጥሪና የአህያ ጋሪው አንድ ላይ ይጮኻሉ። ኢስሃቅ ጨርቅ ተራ ከገባ አይወጣም፤ በምልክት ሲከራከር ሻጮቹ ወደውት ሻይ ይጋብዙታል። ሰውዳና ዙዙ ቋንቋ ሳይጠብቁ ተግባቡ። በድልድዩ ሲሻገሩ ሸዕባን ወንዙ ዓባይ መሆኑን ቢነግራት ሀሊሜ አላመነችም። እሷ የምታውቀው ዓባይ ይጮኻል፤ ይሄኛው ሸራ የወጠረ ጀልባ ተሸክሞ ዝም ብሎ ተኝቷል።

በአራተኛው ቀን ሁሉም ተሰብስበው ፒራሚዶቹን ሊያዩ ሄዱ። ነዒማ ዳቦ፣ ፉልና የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ይዛለች። ከሩቅ ሀሊሜ ተራራ መስለዋት ነበር፤ ቀርባ አንዱ ድንጋይ ብቻ እስከ ደረቷ ሲደርስ "ሱብሃነላህ" ብላ መዳፏን ለጠፈችበት። ድንጋዩ ይሞቃል። ስንቱ ሰው ተሸክሞት ይሆን ስትል አሰበች፤ የተሸካሚዎቹን እናቶችስ ማን ያውቃቸዋል?

ኢስሃቅ ነዒማንና ልጆቹን ይዞ የአንበሳ ገላ ያለውን ትልቁን የድንጋይ ምስል ለማየት ወደ ታች ወረደ። እህትና ወንድም ፒራሚዱ ጥላ ሥር ቀሩ።

"ምን ልትዪኝ እንደመጣሽ አውቃለሁ፣ እታለም" አላት በአገውኛ። አገውኛው ከአገር ሲወጣ እንደነበረው፣ የልጅ አገውኛ ነው።

"ካወቅህ አንተው ተናገረው።"

"እማ ይዘሽው ነይ ብላሻለች።"

እሱ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። መጀመሪያ እውነትም ሊመለስ ነበር። ኋላ ሲያገባ፣ ይህን ብጽፍ እናቴ ተስፋ ትቆርጣለች ብሎ ፈራ፤ አንዱን ዓመት ከደበቀ በኋላ ሁለተኛው ባሰበት፣ ልጅ ስትወለድ ጭራሽ አፉ ተያዘ።

"የልጅ ልጇን ደበቅህባት" አለች ሀሊሜ። "ስሟን እንኳ ብትሰማ ምን ነበረበት?"

"ስሟማ የእማ ስም ነው። ዙዙ የምንላት ለቁልምጫ ነው እንጂ ዘህራ ናት።"

ሀሊሜ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ይዛ ብዙ አለቀሰች። የእናቷን ቃል ደግማ አላነሳችበትም፤ ቤት የሠራን ሰው ከቤቱ ተነቀል ማለት አልሆንልሽ አላት። እነ ኢስሃቅ ሲመለሱ ከባሏ ኪስ የማይጠፋውን ክር ተቀበለችና ልጅቷን ከድንጋዩ አስደግፋ ከተረከዝ እስከ አናት ለካቻት። ክሩን በልኩ ቋጥራ በጠሰችው። የልጅቷን ራስ ዙሪያና የክንዷንም ርዝመት እንዲሁ ለካች። ነዒማ ግራ ገብቷት ታይ ነበር፤ ሸዕባን ምክንያቱን ሲነግራት ግን ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ አወለቀች፤ ቁመቷ እንደገና እንዲለካ።

ዳንግላ ሲገቡ እማ ዘህራ "የታለ?" አሉ። ሀሊሜ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በኋላ ኢስሃቅ የረጅሙን ክር ጫፍ መሬት ላይ ያዘላቸው፤ እሳቸውም ጣታቸውን በክሩ ሽቅብ አንሸራተቱ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ የልጅ ራስ እንደሚዳስስ ሰው መዳፋቸውን አየር ላይ ዘርግተው ቆዩ። "ለዕድሜዋ ረጅም ናት" አሉ። በማግስቱ በዚያ ልክ ቀሚስ አሰፍተው ላኩላት።

እማ ዘህራ ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ። ሸዕባን ሚስቱንና ልጁን ይዞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ክረምት ዳንግላ ከርሞ ተመለሰ።

ጎረቤት ሁልጊዜ የሚጠይቃት ስለ ድንጋዮቹ ነበር። እሷም ትነግራቸዋለች። ለራሷ የምትናፍቀው ግን ከፒራሚዱ ሲመለሱ የተሳፈሩበትን ትራም ነው። ነዒማ ደክሟት ራሷን ሀሊሜ ትከሻ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሀሊሜ እንዳትቀሰቅሳት ብላ ትከሻዋ እስኪደነዝዝ ሳትንቀሳቀስ ከተማውን በመስኮት ታይ ነበር። መውረጃችን ባይደርስ ብዬ ነበር ትላለች፣ ቁልፏን እየተከለች።